ሲሮጡ ስለ መታጠቅ

ባለፈው ሳምንት አንድ ምሽት በተማሪዎች ላውንጅ ተቀምጠን ሳለ ከአንድ የምሕንድስና ተማሪ ወዳጄ ጋር ክርክር ገጠምን። የክርክሩ መነሻ ጥቂት ተማሪዎች ሆነን ለማኅበራችን ያቀረብነው ማመልከቻ ነበር። የጠየቅነው ብዙ አይደለም። ፈተና ካለቀ በኋላ በሚውለው የመጀመሪያ ዓርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እስከ እሑድ ምሽት 12 ሰዓት የማኅበሩ አዳራሽ ይፈቀድልን፤ ፈቃደኛ የሆነ ተማሪ ሁሉ ብቻውንም ሆነ ከጓደኞቹ ጋር በነዚህ 48 ሰዓቶች ውስጥ አንዲት ትንሽ የቪዲዮ ጨዋታ ሠርቶ ያስረክብ ነው ያልነው። ወዳጄ ነገሩን ሰምቶ ሲጨርስ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠና «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለኝ። በማግሥቱ ይህንኑ ምሳሌ ከአንድ የማኅበሩ አባል ሰማሁት። ሦስተኛ ሰው ሳይደግመው መልሴን በዚህ መጽሔት ለሁሉም ባቀርበው ይሻላል ብዬ ብዕር አንሥቻለሁ።

ነገሩን ለማያውቁት አንባቢዎች በመጀመሪያ ባጭሩ ላስረዳ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) እንዲህ ያለውን ሥራ በውጭ አገር «ጌም ጃም» ይሉታል። በ2002 ጄፍ ሃውላንድ የተባለ ሰው በኢንተርኔት አማካይነት «ሉዱም ዳሬ» ብሎ የሰየመውን ውድድር ጀመረ፤ ስሙ ላቲን ሲሆን ትርጓሜው «ጨዋታ መስጠት» ነው። እየቈየ የጸናው ደንቡ ጥብቅ ነው። ተወዳዳሪው ብቻውን ይሠራል፤ ኮዱንም፣ ሥዕሉንም፣ ድምፁንም በ48 ሰዓት ውስጥ ራሱ ያዘጋጃል፤ ርእሱ ሰዓቱ እስኪጀመር ድረስ አይታወቅም፤ ሥራው ሲያልቅ ጨዋታውን ብቻ ሳይሆን የተሠራበትን ኮድ ጭምር ለሁሉም ይገልጣል። ዳኞቹም ራሳቸው ተወዳዳሪዎቹ ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ተጫውቶ ነጥብ ይሰጣል። በኋላ በቡድን መሥራት ለሚፈልጉ 72 ሰዓት የሚፈቅድ ቀለል ያለ ክፍል ተጨመረበት። በ2009 ደግሞ «ግሎባል ጌም ጃም» የሚባለው ተጀመረ። በዚህኛው ሰዎች በየከተማቸው በአንድ አዳራሽ እየተሰበሰቡ በአንድ ርእስ ይሠራሉ፤ በመጀመሪያው ዓመት ከ20 በሚበልጡ አገሮች ተደርጓል። ርእሱም ሁልጊዜ ቃል አይደለም፤ በ2013 ለተሰበሰቡት የተሰጣቸው የልብ ትርታ ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያች ድምፅ ተነሥተው በለንደን ያሉ ጥቂት ሰዎች እጁ የማይታዘዝለት ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም የሚያሳይ አስቂኝ ጨዋታ ሠሩ፤ ብዙዎቻችሁ ሳታዩት አትቀሩም።

እንግዲህ ወደ ወዳጄ ጥያቄ ልመለስ። እንዲህ ያለ ሰዓት ያስቸኩላል እንጂ ምን ያስተምራል?

ባለፈው ዓመት ሦስት ጓደኛሞች በዶርማችን ይህንኑ ሞክረን ነበርና የደረሰብንን ልንገራችሁ። በአሥር ብጣሽ ወረቀት ላይ አሥር ቃል ጽፈን ዕጣ ስናወጣ «መልስ» የሚል ወጣ። እንደምታውቁት በቋንቋችን መልስ ለጥያቄ የሚሰጠው ነው፤ ከብር ተርፎ የሚመለሰውም መልስ ነው፤ ከሠርግ በኋላ የሚደገሰውም መልስ ይባላል። እኛ ከሦስቱ መካከል ትልቁን መረጥን። ድንኳን ይኖራል፤ 60 እንግዶች ይመጣሉ፤ ሚዜዎች አሉ፤ የምግብ ሰልፍ አለ፤ የሙሽራዋ አጎት የተቀመጡበትን ቦታ ሳይወዱ ቀርተው ያኰርፋሉ፤ ተጫዋቹ እርሳቸውን ማስታረቅ አለበት። ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ ስንነድፍ እስከ እኩለ ሌሊት ቈየን። ከዚያች ሌሊት የበለጠ በራሳችን የተደሰትንበትን ጊዜ አላስታውስም።

ቅዳሜ ቀን 6 ሰዓት ሲሆን በኮምፒዩተሩ ውስጥ የነበረን አንድ ድንኳንና ግድግዳ ሰንጥቆ የሚያልፍ አንድ ሚዜ ብቻ ነበር። ያውም ድንኳኑ ገና እኩሌታው ነው የተሣለው። የቀረን 30 ሰዓት ነበረ።

እዚያ ላይ ተጣላን። አንደኛው ጓደኛችን እንግዶቹን ከ60 ወደ 20 እንቀንሳቸው አለ። ሁለተኛው አጎትዬውን እንተዋቸው አለ። እኔ አጎትዬው ከተተዉ ጨዋታው ምን ቀረው ብዬ ጮኽሁ። በጩኸቱ መካከል ግን ሦስታችንም ያላሰብነው ነገር ወለል ብሎ ታየን፤ ይኸውም ሃያም ይሁኑ ስድሳ፣ እንግዶቹ መጥተው ሲቀመጡ ተጫዋቹ በእጁ ምን እንደሚያደርግ አንዳችንም አለማሰባችን ነው። ሦስት ሰዎች ሆነን ድግስ ደግሰናል እንጂ ጨዋታ አልሠራንም። ሰዓት ባይኖርብን ኖሮ ድንኳኑን አሳምረን፣ እንግዶቹን አልብሰን፣ ይህን የምናውቀው ከስድስት ወር በኋላ በሆነ ነበር፤ ያን ጊዜም የደከምንበት ስለሚያሳሳን መተው አንችልም ነበር። የ18 ሰዓት ድካም ግን መጣል ይቻላል። ቢያሳዝንም ይቻላል።

ድግሱን በሙሉ ትተን ወደ ሁለተኛው መልስ ሄድን። አንድ የሚኒባስ ረዳት አለ። ተሳፋሪዎች ልዩ ልዩ ብር ይሰጡታል። እያንዳንዱ ተሳፋሪ «ወራጅ አለ» ከማለቱ በፊት ትክክለኛውን መልስ በእጁ ማድረስ አለበት። ካሳነሰ ይሰደባል፤ ካበዛ ማታ ከሹፌሩ ጋር ሲተሳሰብ ከኪሱ ይከፍላል። ይኸው ነው። በመጀመሪያ ተሳፋሪዎቹን ባለ አራት ማዕዘን ቀለም፣ ብሮቹንም በቍጥር ብቻ አድርገን ሠራን፤ በሦስት ሰዓት ጊዜ ውስጥም መጫወት ተቻለ። አስቀያሚ ነበረች፤ ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አንዳችን ከሌላው እጅ ኮምፒዩተሩን «ቈይ እኔ ልሞክር» እያልን ተቀማማን።

ቅዳሜ ምሽት 3 ሰዓት ገደማ የዶርማችንን ዘበኛ ጠራናቸው። «ጋሼ፣ እባክዎ ይህችን ይሞክሩልን» ስንላቸው «እኔ ኮምፒዩተር የት አውቃለሁ ልጆቼ» ብለው እምቢ አሉ። መልስ መስጠት ነው ብለን ስናስረዳቸው ግን ዱላቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። ሦስት ጊዜ ተሰደቡ። በአራተኛው ጊዜ ረዳቱን እንደ ሰው እየተቈጡ ይጫወቱ ጀመር። ከዚያም ቀና ብለው «ለመሆኑ በናንተ ታክሲ ለሁለት ሰው የሚከፍል የለም?» አሉን። እውነት ነው፤ ጓደኛውን ወይም እናቱን አስቀምጦ «ለሁለት ሰው» የማይል ተሳፋሪ ያለበት ታክሲ በአገራችን የት ተገኝቶ ነው? እሑድ ጠዋት ይህን ጨመርንበት። ከጨዋታችን ሁሉ የተሻለው ክፍል እርሱ ሆነ፤ የመጣውም እኛ ሦስታችን ከነደፍነው ሳይሆን ዘበኛችን ከጠየቁት ጥያቄ ነው።

እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ጨረስን። ጨዋታዪቱ ከአራት ደቂቃ አትበልጥም። የሞተሩም፣ የተሳፋሪውም፣ የስድቡም ድምፅ በስልክ የተቀዳ የራሳችን አፍ ነው። አንድ ያልታረመ ስሕተትም አላት፤ ማንም ባልተቀመጠበት ወንበር ላይ መልስ ከሰጡ ትቆማለች። ቢሆንም አልቃ ነበር። መጀመሪያ አላት፤ መጨረሻ አላት፤ የማላውቀው ተማሪ እኔ አጠገቡ ሳልቆም ከፍቶ ሊጫወታት ይችላል።

አሁን ደግሞ ሌላውን ሥራዬን ተመልከቱ። ዘንድሮ የመመረቂያ ሥራዬን ከያዝሁ ሰባት ወር ሆነኝ። እንደ ብዙዎቻችን ሥራ እርሱም «የአስተዳደር ሥርዓት» ነው፤ ምን እንደሚያስተዳድር ብነግራችሁ አታምኑኝም። በሰባት ወር ውስጥ ከእኔና ከአማካሪዬ በቀር የነካው ሰው የለም። ብዙ ሥዕላዊ መግለጫ አለው፤ ከ90 ገጽ በላይ ጽሑፍ አለው፤ ይጠቀሙበታል ከተባሉት ሰዎች አንዱ እንኳ ተቀምጦ ሲጠቀምበት አላየሁም። ምናልባት በውስጡ ግድግዳ ሰንጥቆ የሚያልፍ ሚዜ አለበት ይሆናል፤ አላውቅም። ይህን የምጽፈው መምህራንን ለመንቀፍ አይደለም። እኛ ተማሪዎች ራሳችን በትልቅ ንድፍ መከበርን ስለምንወድ ነው። አንድ ሰው «ለአገሪቱ ሁሉ የሚሆን ሥርዓት እየሠራሁ ነው» ቢል ይደነቃል፤ ባይጨርሰውም ይደነቃል። «አራት ደቂቃ የምትፈጅ ጨዋታ ጨርሻለሁ» ያለው ግን ይሣቅበታል።

ወዳጄ በዚህ ላይ «በሁለት ቀን የተሠራ ነገር የትም አይደርስም» ይላል። አንዳንዱ ግን ደርሷል። አርቪ ቴይካሪ የተባለ ፊንላንዳዊ በ2017 በኮፐንሃገን በተደረገው የኖርዲክ ጌም ጃም አንድ ጨዋታ ሠራ። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ደንቦቹ ራሳቸው በሰሌዳው ላይ እንደ ድንጋይ የተቀመጡ ቃላት ናቸው፤ ተጫዋቹ አንዱን ቃል ገፍቶ ከቦታው ቢያወጣው ደንቡ ይፈርሳል፤ ሲያግደው የነበረውም ግድግዳ ማገዱን ይተዋል። «ባባ ኢዝ ዩ» የሚባለው ይህ ነው። በፖላንድ ደግሞ በ2013 ለአንድ ሳምንት በቈየ ተመሳሳይ ዝግጅት ላይ «ሱፐርሆት» ተሠራ፤ አሳቡ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል፤ አንተ ካልተንቀሳቀስህ ጊዜው አይንቀሳቀስም። ማዲ ቶርሰንና ኖኤል ቤሪ የተባሉትም በ2015 ተራራ ስለምትወጣ ልጅ በአራት ቀን አንድ ጨዋታ ሠርተዋል። የሠሩበት «ፒኮ-8» የተባለው መሣሪያ ስክሪኑ 128 በ128 ነጥብ ብቻ ነው፤ ቀለሙም 16 ብቻ። ዛሬ በዓለም የታወቀው «ሰለስት» ከዚያች የተወለደ ነው።

ነገር ግን እነዚህን ስም የምጠራው «እኛም እንዲሁ እንከብራለን» ለማለት እንዳይመስላችሁ። ዓመታቱን አስተውሉ። ባባ ተጠናቆ ለገበያ የወጣው በ2019 ነው፤ ሱፐርሆት በ2016፤ ሰለስትም በ2018። በሁለት ቀን፣ በአራት ቀን፣ በሰባት ቀን የታየውን አሳብ ሰዎቹ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ተቀምጠው፣ ቀስ ብለው፣ በሚገባ ታጠቁት። ስለዚህ የወዳጄ ምሳሌ እውነት ነው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ይፈታል። እኛም የምንለው ይፈታ ነው። በ48 ሰዓት የምትሠራው ጨዋታ የሚለበስ ልብስ አይደለችም፤ ልብስ ሰፊ ጨርቁን ሳይቈርጥ በፊት በደንበኛው ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ እንደሚያየው ያለች ናት። በየዓመቱ ከሚሠሩት እጅግ ብዙ ጨዋታዎች አብዛኞቹ ተጫውተው የሚረሱ ናቸው፤ የእኛም የታክሲ ጨዋታ ከነርሱ አንዷ ናት። ግን ባንድ ወገን ስፍር ቍጥር የሌለው ያልተጀመረ ትልቅ አሳብ ይዞ የሚመረቅ ተማሪ አለ፤ እርሱ መታጠቂያውን ሲፈታና ሲያስር አራት ዓመት አልፎታል፤ እስካሁን አልሮጠም።

ለወዳጄ የሚገባውን ሐቅ ደግሞ አልነፍገውም። አጭር ጊዜ ሁልጊዜ መልካም ነው ብል ውሸታም እሆናለሁ። በ1982 አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ኢ.ቲ.» የሚባለውን ዝነኛ ፊልም ወደ ጨዋታ የመለወጥ መብት በጁላይ ወር መጨረሻ ላይ አገኘ። ለገና ገበያ መድረስ አለበት ተባለና ሥራው ለሃዋርድ ስኮት ዋርሾ ተሰጠ። የተሰጠው ጊዜ አምስት ሳምንት ገደማ ነበር፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጨዋታ ብዙ ወራት ይወስድ ነበር። ሰውዬው በሰዓቱ አደረሰ። ኩባንያውም በሚሊዮን የሚቈጠር አባዝቶ አወጣ። ተጫዋቾች ግን ጉድጓድ ውስጥ እየወደቁ መውጣት እያቃታቸው ተማረሩ፤ ብዙው ሳይሸጥ ቀረ፤ በ1983 ከሌሎች ጨዋታዎች ጋር በኒው ሜክሲኮ ክፍለ ሀገር በአላሞጎርዶ ከተማ ቆሻሻ መጣያ ተቀበረ። በ2014 ተቈፍሮ ሲወጣ ካሴቶቹ ተገኝተዋል። እንግዲህ ያ አምስት ሳምንት፣ የእኛ ግን ሁለት ቀን ነው። ልዩነቱ የት ላይ ነው ቢባል ሰዓቱን የቈረጠው ማን ነው በሚለው ላይ ነው እላለሁ። እኛ ሰዓቱን በራሳችን ላይ ስንቈርጥ ሥራውን አብረን እንቈርጣለን፤ ቢበላሽ የምናጣው አንድ ቅዳሜና እሑድ ነው። ዋርሾ ግን ሰዓቱ ሲቈረጥለት የገና ገበያውም፣ የኩባንያው ገንዘብም ሳይቀነስ አብሮ ተጭኖበታል። ከመካከላችን ተመርቀው በየመሥሪያ ቤቱ ሶፍትዌር የሚሠሩ አሉ፤ አለቃቸው «እናንተ እኮ በ48 ሰዓት የምትጨርሱ ልጆች ናችሁ» ብሎ የሦስት ወሩን ሥራ በሁለት ሳምንት ቢጠይቃቸው ይህን ልዩነት ያስታውሱልኝ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ መጥፎ ልማድ አለ፤ ሳይተኙ ማደርን እንደ ጀግንነት መቍጠር ነው። እኔም ተመጻድቄበታለሁ። ነገር ግን በዚያ ቅዳሜ ሌሊት ከ6 እስከ 10 ሰዓት አንድ ስሕተት ስፈልግ ቈይቼ አጣሁት፤ ተኝቼ ተነሥቼ ፊቴን ከታጠብሁ በኋላ በአሥር ደቂቃ አገኘሁት፤ የመደመር ምልክት ባለበት የመቀነስ ምልክት ነበር። ስለዚህ በማመልከቻችን ውስጥ አዳራሹ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ይዘጋ የሚል ደንብ እንዲገባ አድርጌአለሁ። አብረውኝ የፈረሙት ሁሉ አልወደዱትም፤ «48 ሰዓት ብለን 36 ልንሰጥ ነው» ብለው አኵርፈዋል። ያኵርፉ። 36 ሰዓትም ለአራት ደቂቃ ጨዋታ ይተርፋል፤ ካልተረፈ ከጨዋታው ይቀነስ።

«ዩኒቨርሲቲ የጨዋታ ቦታ አይደለም» ለሚሉት ብዙ አልመልስም። ገበጣን ያወጣው ሰው መሬት ላይ ጥቂት ጉድጓድ ቈፍሮ ጥቂት ጠጠር ይዞ ነው የተነሣው፤ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ ተቀምጠው ይካሰሱበታል። እንዲህ ያለ ደንብ ማውጣት ቀላል የሚመስለው ሞክሮ ያላየው ነው።

አዳራሹ ከተፈቀደልን ለሚገቡት ወንድሞችና እኅቶች ከደረሰብን መከራ ጥቂት ልንገራቸው። «ጎዶት» የሚባለው የጨዋታ መሥሪያ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ ኮዱም ከ2014 ጀምሮ ለሁሉም ክፍት ነው። ነገር ግን ያለቀውን ጨዋታ ወደ ስልክ ወይም ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ለማውጣት የሚያስፈልገው ተጨማሪ ፋይል ከዋናው ፕሮግራም እጅግ ይከብዳል፤ ኔትዎርኩን ተማምናችሁ እሑድ ከሰዓት በኋላ እንዳታወርዱት። እንደዚሁም የአማርኛ ጽሑፍ የምትጠቀሙ ከሆነ ፊደሉን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። የእኛ ተሳፋሪዎች በአንደኛው ስልክ ላይ «ወራጅ አለ» በማለት ፈንታ ባዶ ሣጥን ብቻ ደርድረው ሲናገሩ ታዩ። ጥፋቱ የኮምፒዩተሩ ዓለም ፊደላችንን አለማወቁ አይደለም፤ ፊደላችን ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ አለ። በፕሮግራሙ ውስጥ አብሮ የመጣው የፊደል ፋይል ብዙ ጊዜ ግእዙን አይዝም፤ «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ» ወይም «አቢሲኒካ» የተባለውን ማስገባት ነው መድኃኒቱ። መብራት ቢጠፋ ደግሞ በላፕቶፑ ባትሪ ልትጨርሱት የምትችሉትን ያህል ብቻ ጀምሩ። መግቢያ ገጹን በመጨረሻ ሥሩት፤ የጨዋታውን ስም በሚያምር ቀለም ጽፎ ቅዳሜን የጨረሰ ሰው አይቻለሁ። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ኮምፒዩተር የማያውቅ ሰው ፈልጉ፤ ዘበኛችን እንደሆኑ ፈቃደኛ መሆናቸውን ከወዲሁ ነግረውኛል።

የማኅበሩ ኮሚቴ ማመልከቻውን በሚቀጥለው ረቡዕ ይመለከተዋል። ለመሳተፍ የሚፈልጉ ተማሪዎች ስማቸውን የሚያስፈሩበት ወረቀት በላውንጁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ዛሬ ጠዋት ስመለከተው 11 ስም ነበረበት። አሥራ አንደኛው በእርሳስ የተጻፈ ነው፤ ጽሕፈቱ የዚያ የምሕንድስና ተማሪ ወዳጄ ይመስላል፤ ከስሙ አጠገብም በቅንፍ «እስከ ቅዳሜ ማታ ብቻ» ይላል።